የገጨኝ ልጅ ሽማግሌ

አንገት እንዳለኝ ያወቅሁት መታመም ሲጀምረኝ ነው። ከዚያ በፊት ጭንቅላቴ በቀጥታ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ሰው ፀጉሩን ያበጥራል፣ ጥርሱን ይፍቃል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፤ አንገቱን ግን የሸሚዙ ቁልፍ ካልጠበበው በቀር ማን ያስታውሰዋል? እናንተም እስቲ ይህን እያነበባችሁ አንገታችሁን ወደ ቀኝ አዞር አድርጉት። ዞረላችሁ? አመስግኑ። እኔ ይህን ካደረግሁ ስንት ክረምት እንዳለፈ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ የገበያ ቀን፣ ወረኢሉ የሚኖር የታመመ ዘመዴን ልጠይቅ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዘግይቼ ስለደረስኩ የተረፈኝ የመጨረሻው ወንበር ነበር፤ ሰው ወዶ የማይቀመጥበት፣ ጀርባን እንጂ ራስን የማያስደግፍ ወንበር። ከከተማዋ ወጣ እንዳልን እህል የጫነች አህያ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ለምን እንደቆመች እኛም አላወቅንም፣ ባለቤቷም አላወቀም። ሾፌራችን ቆመ። ከኋላችን ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ግን አልቆመም።

ትልቅ አደጋ እንዳይመስላችሁ። መስታወት አልረገፈም፤ ደም አልፈሰሰም። የሚኒባሷ የኋላ በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ፣ በቃ። አጠገቤ አንዲት እናት ዘንቢል ሙሉ እንቁላል ታቅፈው ነበር፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። እኔ ልጎዳ፣ እንቁላሉ ሊተርፍ! ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

በአገራችን ሁለት መኪና ሲጋጭ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የፊተኛው ሾፌር የኋለኛውን ይሰድባል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይሰድባል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ተስማምተው የአህያዋን ባለቤት ይሰድባሉ። እኛም ስድቡን ለመስማት ወርደን ቦታ ቦታችንን ያዝን። ከጭነት መኪናው አንድ ቀጭን ወጣት ወረደና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አውፍ በሉኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ርቀቴን አልጠበቅሁም» አለ።

ስድቡን አሰናድቶ የነበረው ሾፌራችን አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ስንት ዓመት መንገድ ስመላለስ ይህን ቃል ከሾፌር አፍ ሰምቼ አላውቅም። አህያዋ እንኳ የሰማች ይመስል መንገዱን ለቀቀች።

ወጣቱ እያንዳንዳችንን ሲጠይቅ ቆይቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። «ጋሼ፣ ኋላ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። አንገትዎ እንዴት ነው?»

«አብሽር! እኔ ምን እሆናለሁ?» አልኩና አንገቴን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞርኩ አሳየሁት። የመጨረሻዬ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ አዞረው ነበር።

ያን ዕለት ጉዞዬን ትቼ ቤቴ ተመለስኩ። በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ ጠራችኝ። «አቤት» ልል ዞር ስል ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ድረስ የሆነ ነገር ያዘኝ። ጮህኩ። አስካለ እየሮጠች መጣችና፣ «ትናንት ምንም አልሆንኩም ስትል አልነበረም?» አለች። አልኩ እኮ! ለሰው ፊት ያልኩት ነው።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ፎቶ ተነሳሁ። አጥንቴ ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ በደንብ አስረዳኝ፤ መኪና ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ገላን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ራስ ግን ባለበት ይቀራል፣ ከዚያ ተወንጭፎ ይከተላል፤ በዚህ መሀል የአንገት ጡንቻና ጅማት ይጎዳል። አብዛኛው ሰው ጥቂት ሳምንት አሞት ይድናል፣ አንዳንዱን ሰው ግን ዓመታት ይከተለዋል አለኝ። አንዳንድ ሰው ማለት እኔ መሆኔን ያን ዕለት ሁለታችንም አላወቅንም።

የእኛ አገር ሰው የታመመ መጠየቅ ያውቅበታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «እንኳን አተረፈህ»፣ «አላህ ያሽርህ» እያለ ቤቱን ሞላው። ችግሩ የሚታይ ነገር የለኝም። ቁስል የለ፣ ጀሶ የለ። ሰው ከሩቅ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ከእግር ጥፍሬ እስከ ፀጉሬ ሲፈልግ ቆይቶ፣ «የቱ ጋ ነው?» ይላል። «አንገቴ» ስለው ቅር ይለዋል። አስካለ ሁኔታውን አይታ ነጭ ነጠላዋን አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። «ለሕመሙ ይረዳል እንዴ?» ብላት፣ «ለሕመሙ አይደለም፣ ለጠያቂው ነው» አለችኝ። እውነትም ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ ጠግበው ተመለሱ።

ደሴ ድረስ ሄጄ እንቅስቃሴ የሚያሠራ ባለሙያ ዘንድ ታየሁ። መልካም ሰው ነው። እያሻሸ፣ እያፍታታ፣ ደህና አድርጎ ሠራኝና፣ «ከሁሉም በላይ መንገጫገጭ ተጠንቀቅ» ብሎ አሰናበተኝ። ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ደሴ ላይ የተፍታታው አንገቴ ወረኢሉ ስደርስ ቅር ይለው ጀመር፤ መካነ ሰላም ስገባ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ደግሜ ሄድኩ፣ ደግሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያሳየኝን እንቅስቃሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፤ ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስብኛል።

ከሕመሙ የባሰው ግን ሌላ ነው። በእኛ ከተማ ሰላምታ ማለት አንገት ነው። ሽማግሌ ሲያልፍ ዝቅ ትላለህ፤ ከማዶ የሚያውቅህ ሰው እጅ ሲነሳህ አንተም ዝቅ ትላለህ፤ ከኋላ ሲጠሩህ ትዞራለህ። እኔ ዝቅም አልልም፣ አልዞርም። ከኋላ የጠራኝ ሰው መልስ ሲያጣ፣ ከፊት የመጣው ሽማግሌ ቀጥ ብዬ ሳየው፣ ከተማው መከረና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ተሹሟል ማለት ነው አሉ። በየመንገዱ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚሉኝ በዙ። አንዱማ የወንድሙን ልጅ ሥራ እንዳስቀጥርለት ለመነኝ። ቤተ ክርስቲያን «ስገዱ» ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ወርዶ እኔ ብቻ ተገትሬ እቀራለሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ጀርባዬን ስሰጥ ተማሪዎቼ ዕረፍት ይወጣሉ፤ መላ ሰውነቴን አዙሬ እስካይ ድረስ ሁሉም ቦታው ተመልሶ ጨዋ ሆኗል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ስሙ ሰይድ ነው። ማሻ የምትባል ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተው እናቱ ብቻቸውን ያሳደጉት። መታመሜን እንደሰማ መጣ። ጠያቂ ሁሉ አንድ ጊዜ መጥቶ ይቀራል፤ ሰይድ ግን አልቀረም። ጭነት ይዞ ደሴ ሲወርድ ይመጣል፣ ሲመለስ ይመጣል። ብርቱካን ያመጣል፣ ለአንገቴ የሚሆን ቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ያመጣል። ገፋ ሲልም ተቀምጦ እንቅስቃሴዬን ያሠራኛል። «ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ዞረ እኮ!» ይለኛል። አልዞረም። እኔ ግን ዞሯል እለዋለሁ፤ ደስ ሲለው ማየት ደስ ይለኛላ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ይህ ልጅ ከኋላዬ ጠርቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን ገበያ መሀል ስሄድ የሰው ጩኸት ሰማሁ፤ «ኧረ ጨዌን! ኧረ ጨዌን ረገጠው!» የሚል። ዞሬ ማየት አልችልምና መንገዴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሰይድ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጫማው ላይ ሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎ ከፊቴ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አፊያ ነዎት?» አለ እያለከለከ።

«አንተ ልጅ ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከኋላዎ ነበርኩ። በሽንኩርት ተራ ዞሬ፣ በጨው ተራ አቋርጬ ነው።»

«አትጠራኝም ነበር?»

«አንዴ ከኋላ መጥቼብዎታለሁ፤ ይበቃል» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ይህን ያህል ያስባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ልጁን ከልቤ ወደድኩት።

ከጊዜ በኋላ ቅባቱ በዛብኝ። መስኮቱ ላይ ተደርድሮ፣ ቁም ሳጥኑን ሞልቶ፣ ለጎረቤት ማደል ጀመርን። አስካለ፣ «ይህ ልጅ ምን ነካው? አንገት እኮ አንድ ነው» አለች። የነካውን ያወቅነው አንድ እሑድ ነው። ሰይድ ቤታችን መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ለካ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የምትሠራ ሐያት የምትባል ልጅ አለች። ለካ በእኔ አንገት ሰበብ ሲመላለስ ተዋደዋል።

«ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ» አለ።

«እኔ? ሌላ ሰው አጣህ?»

«በዚህ ከተማ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀኝ የለም።»

ይህስ እውነት ነው። የልጅቷ አባት ሐጂ ኡመር ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ቁጡ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰው። ሾፌር ደግሞ አይወዱም። ከዚህ በፊት ለሌላ ሾፌር ለምነዋቸው፣ «ፍሬኑን ለማላምነው ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው መልሰዋል። ሰይድ ሰው መግጨቱን ከሰሙ ነገሩ ያኔውኑ አለቀለት ማለት ነው። ሐያት ደግሞ አባቴ ካልመረቀኝ አልሄድም ብላለች። ስለዚህ አስካለ ምላሴን አሰረችው። «ስለ አንገትህ ትንፍሽ እንዳትል!»

አብረውኝ እንዲሄዱ ጎረቤታችንን አባባ ይመርን ለመንናቸው። አባባ ይመር በሽምግልና የተመሰከረላቸው፣ ንግግራቸው ድንጋይ የሚያለሰልስ ሰው ናቸው። ማታውኑ ልምምድ ተጀመረ። ደንቡ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይለምናል፤ ባለቤቱ ተቀመጡ እስኪል ቀና አይልም። «በል ጎንበስ በል» አሉኝ። ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። አንገቴ ግን አብሮኝ አልታጠፍ ብሎ ፊቴ ሽቅብ እንዳፈጠጠ ቀረ። አስካለ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። በጉልበቴ ሞከርኩ፣ በጎኔ ሞከርኩ። በመጨረሻ አባባ ይመር፣ «ተወው፤ አንተ ከኋላዬ ቁም። እኔ እሸፍንሃለሁ» አሉ።

ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትሞቅ የሐጂ ኡመር ደጅ ቆምን። ሐጂ ብቅ አሉ። አባባ ይመር፣ «አሰላሙ አለይኩም፤ የአላህ እንግዶች ነን» ብለው እስከ ጉልበታቸው ዝቅ አሉ። ዕቅዳችን የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ዝቅ ሲሉ የሸፈነኝ ነገር አብሮ ዝቅ አለ። እኔ ከኋላ ተገትሬ፣ ሐጂን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ቀረሁ።

ሐጂ አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ምን ላድርግ?

«ይኸ ሰው ሊለምነኝ ነው ወይስ ሊያስረኝ የመጣው?» አሉ።

«ኧረ ሐጂ! አንገቱን አሞት ነው» አሉ አባባ ይመር።

«ምን ሆኖ?»

«መኪና ነክቶት።»

«የማን መኪና?»

ድንጋይ የሚያለሰልሱት አባባ ይመር እንዳጎነበሱ መሬት ላይ የጠፋባቸውን የሚፈልጉ መሰሉ። ብዋሽ፣ የሰው ልጅ ትዳር በውሸት ልጀምርለት ነው፤ ደግሞስ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያየውን እንዴት እደብቃለሁ? እውነቱን ብናገር ደግሞ ልጁን በገዛ አፌ መግደሌ ነው። የአስካለ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ጥፋቱ የኔ ነው ያለው የሰይድ ድምፅም ይሰማኛል። የኋለኛው በለጠብኝ።

«ልለምንለት የመጣሁት ልጅ መኪና ነው» አልኩ። «ሰይድ ነው የገጨኝ።»

ሐጂ በሩን ያዙ። «አላህ! አንገትዎን የሰበረውን ልጅ ይዘው ነው ልጄን የሚለምኑኝ?»

«አልሰበረውም፤ ገተረው እንጂ» አልኩ። ከዚያ ያላጠናሁት ንግግር ከአፌ ወጣ። «ሐጂ፣ ሌላ ሽማግሌ ቢመጣ የልጁን ደግነት ይነግርዎታል። እኔ ደግነቱን ከማወቄ በፊት ጥፋቱን ነው ያወቅሁት። ርቀቱን አልጠበቀም፤ ገጨኝ። ከዚያ ወርዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን እንቁላል እንደጫነ ነው የሚነዳው። ሰው ሁሉ ረስቶኝ እሱ አልረሳኝም። ገበያ ላይ ቢያየኝ እንኳ እንዳልቸገር ዞሮ ከፊቴ ይመጣል እንጂ ከኋላዬ አይጠራኝም። ልጅዎ ጋ አንድ ቀን ማጥፋቱ አይቀርም፤ ባል ነውና። ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርግ ግን እኔ አይቻለሁ።»

ሐጂ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ዞሮ ከፊት?» አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ጨዌን ረግጦ የሮጠው ቀጫጫ እሱ ነው?»

አባባ ይመር እንዳጎነበሱ «ያ ረቢ» ሲሉ ሰማኋቸው። በአንገቴ ላይ ጨው ተጨመረ።

«እሱ ነው» አልኩ።

«ሌባ መስሎኝ በዓይኔ ተከተልኩት። ለካ ሄዶ ሄዶ እርስዎ ፊት ቆሞ እጅ ይነሳል። ምን ዓይነት እብድ ነው ብዬ ስንት ቀን ሲገርመኝ ከረመ» አሉ ሐጂ። አዩኝ፤ አንገቴን አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

ሐጂ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው፣ «ሐያት! ትራስ አምጪ፤ መምህሩ ጀርባቸውን ይደገፉ» አሉ። ወደ እኛ ተመልሰውም፣ «ተቀመጡ እንጂ፤ ምን ትገተራላችሁ?» አሉን። አባባ ይመር ቀና ሲሉ ወገባቸው ያዛቸውና ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ሐያት ትራሱን አምጥታ ከጀርባዬ አስደገፈችልኝ።

ሠርጉ በእኛ ግቢ ተደገሰ። የሰይድ እናት ከማሻ መጡ፤ የሙስሊሙ ድስት በአንድ ወገን፣ የክርስቲያኑ በሌላ ወገን ተጣደ፤ አስካለ በሁለቱ መሀል እየሮጠች ታዛለች። እኔን የክብር ቦታ ብለው ዳሱ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። የዳሱ በር ግን ከኋላዬ ነው። ይህን ያሰበ የለም፤ እኔም ለመናገር አፈርኩ።

ጥሩንባው ተሰማ፤ እልልታው ቀለጠ። ዳስ ሙሉ ሰው ወደ በሩ ዞረ። እኔ የዳሱን ምሰሶ አያለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው፣ «እይ! እይ ሙሽራዋን!» እያለ ይጎሽመኛል። ምሰሶው ላይ ስንት ሚስማር እንዳለ ልነግረው ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ያን ሁሉ ደክሜ፣ አገባባቸውን ሌላው ሰው ሲያይ እኔ እንጨት ላይ ማፍጠጤ አሳዘነኝ።

ድንገት ጩኸቱ ቦታ ቀየረ። ከበሩ ራቀ፤ በዳሱ ጎን ዞረ፤ ድስት የተጣደበት ጋ ደረሰ። የአስካለ ድምፅ፣ «ኧረ ወጡን! ኧረ ሰይድ፣ ወዴት ነው?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ከፊቴ ያለው የዳሱ ሸራ ከሥሩ ተነሳ። ሰይድ ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ ሐያትን እጇን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሾልኮ ገባ። ሚዜዎቹ ተከትለው ተንጋጉ።

«ጋሼ፣ አፊያ ነዎት?» አለኝ እያለከለከ።

ሁለቱም ተንበርክከው ጉልበቴን ሳሙ። ጎንበስ ብዬ ልስማቸው ሞከርኩ፤ አንገቴ እንቢ አለኝ። ሰይድ ይህን ያውቃልና ተነስቶ ቆመ፤ ግንባሩንም አመጣልኝ። ሳምኩት። ጉንጬ ላይ እንባዬ ወረደ፤ አስካለ ከሸራው ማዶ ሆና፣ ማማሰያውን እንደያዘች፣ እሷም ታለቅስ ነበር።